እትዬ ፍራሽና የብረቱ አጥር

ከእትዬ ፍራሽ በር እስከ እህቷ ሕንጻ መግቢያ ድረስ የብስክሌቴ ጎማ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ነው የሚዞረው። አስራ ዘጠኝ! ለክቼ ነው የማወራው። የፊት ጎማዬ ሽቦ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ አስሬ፣ በዞረ ቁጥር "ጠቅ" ሲል እየቆጠርኩ ነው የተሻገርኩት፣ ያኔ መንገዱ ሳይታጠር። አሁን በነዳጅ ማደያው በኩል ዞሮ፣ እዚያ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ፣ በማዶ በኩል ለመመለስ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ምናምን ዙር ነው። ምናምኑን ተዉት፤ እዚያ ላይ ስደርስ አንዱ ሰላም ብሎኝ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ሰፈሩ ቸርኬ ይለኛል። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት ነው፤ ፊቴ ክብ ስለሆነ ነው አሉ፤ ይበሉ። የምሠራባት ቆርቆሮ ቤት ከእትዬ ፍራሽ ግቢ ጋር ጀርባ ለጀርባ ናት። እሷ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ግማሹን ደግሞ እሷው ራሷ መርፌ በጥርሷ ይዛ የነገረችኝ።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ አንገቷ ላይ ሁሌ ክር ይንጠለጠላል፣ ኮሌታዋ ላይ መርፌ ይሰካል፤ ስታቅፍሽ መጠንቀቅ ነው። ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ለሁሉም እትዬ ፍራሽ ናት። መጀመሪያ ሰሞን "አንቱ" ስላት "ተይ ቸርኬ፣ አንቱ ስባል ወገቤን ያመኛል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ናት። ሙያውን የተማረችው ከባሏ ነው። ባሏ ሄደ፣ ሙያው ቀረ። "የሚሻለው ነው የቀረልኝ" ትላለች።

ፍራሽ የምትሠራው ከጥጥ እንዳይመስላችሁ። ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሰፊዎች ሱቆች ተደርድረዋል። እነሱ ቆርጠው የሚጥሉትን ብጥስጣሽ ጨርቅ በጆንያ ትሰበስባለች። ያንን ትዘለዝለዋለች፣ በዱላ እየመታች ታፍታታዋለች፣ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ሲነፋላት ሸራ ውስጥ ጠቅጥቃ በጆንያ መርፌ ትወጋዋለች። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰውዬ ቆሻሻን መልሶ ስለመጠቀም፣ ስለ አካባቢ፣ ስለ አየር ምናምን ሲያስረዳ አየችና "እኔ ይሄን ስሠራ ሰላሳ ዓመቴ ነው፤ ማይክ የሰጠኝ ግን የለም" አለች።

ነገሩ ሁሉ ያለው ፀሐይዋ ላይ ነው። ፀሐይ ያልጠገበ ጨርቅ በሳምንቱ ይሸታል፣ በወሩ ባልና ሚስት ያጣላል። የእሷ ግቢ ደግሞ ትንሽ ብትሆንም ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ከላይዋ አትወርድም። በሰፈሩ እንደዚያ ያለ ግቢ የለም። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ እህቷ ልውሰዳችሁ። እታለም ነው የምትላት፣ ታላቋ ናት። ከመንገዱ ማዶ፣ በትክክል ከእትዬ ፍራሽ መስኮት ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ጸጉሯ ደግሞ እስከ ወገቧ ነው። ስለዚህ በየቀኑ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ፣ እትዬ ፍራሽ ማበጠሪያዋን ኪሷ ትከትና መንገዱን ትሻገራለች። ፎቁን ትወጣለች፣ ጸጉሯን ታበጥርላታለች፣ ትጎነጉንላታለች፣ የሚታማውን ሁሉ አብረው ያማሉ፣ ከዚያ ከልብስ ሰፊዎቹ ጆንያዋን ሞልታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሲያልፋት አላየሁም። ዝናብ ይሁን፣ ጉንፋን ይሁን።

አብረው አይኖሩም ወይ ትሉ ይሆናል። ጠይቄያታለሁ። የእትዬ ፍራሽ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ እሱም እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው፤ የጨርቁ ብናኝ ደግሞ የእህቷን ደረት ያፍነዋል። የእህቷ ቤት ደግሞ ፎቅ ነው፣ ፍራሽ የሚሰጣበት የለውም። "እኛን የሚያኖረን መንገዱ ነው" ትለኝ ነበር። "መንገዱ መሃላችን ባይኖር እስካሁን ተናንቀናል።"

አሻጋገሯን ብታዩ! እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ስድስት መስመር መኪና "ቁም! አንተ ቁም! እናትህ ብሆንስ!" እያለች ነው የምትሄደው። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። የጎረቤታችን የቀለም ቀቢው ልጅ እስክትገጭ ድረስ። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ተረፈች፣ ግን እስካሁን ግራ እግሯን ትጎትታለች። ከዚያ ሰፈሩ "አጥር! አጥር!" አለ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እትዬ ፍራሽ ናት።

ወዲያው ደግሞ ያ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሊመጣ ነው ተባለ። እኔ በደስታ ልፈነዳ! ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፣ መሃል መንገዱ ላይ የራሱ መስመር ያለው። ነዋሪው አስተያየት ይስጥ ተብሎ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራን። አንድ ወጣት መሐንዲስ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እዚህ ጋ አውቶቡሱ፣ በእኛ በኩል ባለው የመንገዱ ዳር የብረት አጥር፣ እዚህ ጋ ደግሞ የእግረኛ ድልድይ።

እትዬ ፍራሽ ተነስታ ወረቀቱ ድረስ ሄደች፣ ጣቷን አሳረፈች።

"ይሄ መሰላል የሚመስለው ምንድነው?"

"ደረጃ ነው እትዬ፣ የድልድዩ ደረጃ።"

"የቆመበት ቦታ የኔ ግቢ ነው እኮ።"

"ጥጉ ብቻ ነው። ቦታውን ለሚለቅ ካሳ አለ።"

"ካሳውን ተወው። ጥላው ወዴት ይወድቃል?"

"ምን አሉኝ?"

"ጥላው! ፀሐይ ስትወጣ የዚህ ሁሉ ብረት ጥላ የት ነው የሚያርፈው?"

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ትምህርቱን ሲማር ይሄን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እሷ ግን ዞር ብላ ለእኛ መናገር ጀመረች። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም። አጥሩን እንደምትደግፍ፣ አውቶቡሱንም እንደምትደግፍ፣ ደረጃው ግን ፀሐይዋን ከጋረደ ሥራዋ በቃ እንዳበቃለት፣ ድልድዩ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ማንንም እንደማይጎዳ። "ትንሽ ፈቀቅ ይበል" ነው ያለችው። ትንሽ።

እጅ ይውጣ ተባለ። በሰፈራችን እኮ እሷ በሠራችው ፍራሽ ላይ ያልተኛ የለም። ሙሽራው ከእሷ፣ አራሷ ከእሷ፣ ተማሪው ከእሷ። ማን ነው እጁን የማያወጣው? ስልሳ ሦስት ሰው ነበርን፣ ስልሳ ሦስት እጅ ወጣ። እኔማ ሁለቱንም አወጣሁና ጸሐፊው "አንዱን አውርጂ፣ ቆጠራ አታበላሺ" አለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁላችንም ፈረምን። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሷ ናት።

ስንወጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

"እትዬ፣ ድልድዩ ከራቀ አንቺስ ወደ እታለም በየት ትሻገሪያለሽ?"

ሳቀችብኝ። "ቸርኬ፣ ቀዳዳ የሌለው አጥር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እውነቷን ነው፤ እኔም አይቼ አላውቅም። የትምህርት ቤቱ አጥር ቀዳዳ አለው፣ የሆስፒታሉ አጥር ቀዳዳ አለው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር እንኳን ከጀርባው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚሾልኩበት ቀዳዳ አለው። አጥር ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ያለው ከነቀዳዳው ነው።

ይሄኛው አልነበረውም። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግራጫ ብረት፣ ኮንክሪት ላይ በብሎን የታሰረ፣ ፍርግርጉ እጅ እንጂ ጭንቅላት የማያሳልፍ። ድልድዩም "ትንሽ ፈቀቅ" ብሎ ማደያው ጋ ወረደ። በመሃል ቱቦ አለ፣ የመብራት መስመር አለ፣ ሌላ ቦታ የለም አሉ። የአውቶቡሱም ፌርማታ ድልድዩን ተከትሎ እዚያው ሄደ።

አጥሩ ባለቀ ማግስት ጠዋት፣ እትዬ ፍራሽ ማበጠሪያዋን ኪሷ ከታ ወጣች። እኔ ቤቴን እየከፈትኩ ነበር። እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ እየዳበሰች፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ላይ ሄደች። ተመለሰች። ወደ ታች ሄደች። ተመለሰች። ከዚያ አንዴ ቀና ብላ በረንዳውን አየች። እታለም እዚያ ተቀምጣ ጸጉሯን ፈትታ እየጠበቀች ነው።

"ቸርኬ" አለችኝ፣ "ይሄ ነገር ቀዳዳ የለውም እኮ።"

እውነቱን ልናገር፣ አጥሩና አውቶቡሱ ጥሩ ነገር አመጡ። በመጀመሪያው ቀን ማደያው ድረስ በብስክሌት ሄጄ አውቶቡሱን ሦስቴ ተሳፈርኩበት፣ ለምንም አይደለም፣ ለመሳፈር ብቻ። ሲሄድ እንደ ድመት ነው! የድሮዎቹ አውቶቡሶች ሲያልፉ የእትዬ ፍራሽ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ያሰጣችው ጨርቅ ጥላሸት ይለብስ ነበር። አሁን ነጩ ነጭ እንደሆነ ይውላል። የተገጨ ሰውም የለም። አንድም። እሷም ይሄን አትክድም። "ቆንጆ ሥራ ነው" ትላለች፣ በፍርግርጉ እያየች።

ግን ጉልበቷ ያማታል። በማደያው ዞራ እታለም ጋ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል፣ ለመመለስ ከነጆንያው ከዚያ በላይ። ቀኑ አለቀ፣ ፀሐዩም አለቀ። መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለለች ሄደች። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። በቀረው ቀን ሁለቱም መስኮትና በረንዳ ላይ ሆነው፣ እየተያዩ፣ በስልክ ያወራሉ።

"ያንን ሹራብ ደግሞ ለበስሽው?"

"ምን አገባሽ ሚጡ።" እታለም ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚጡ ነው የምትላት።

"ጸጉርሽስ?"

"አለ። የት ይሄዳል?"

እኔም ዝም ብዬ አላየሁም። ሦስት እግር ያላት የዕቃ ብስክሌት አለችኝ፤ ከኋላዋ ፍራሽ አንጥፌ፣ እትዬ ፍራሽን አስቀምጬ፣ በጠዋት ተነሳን። የመንገዱ ዳር እኮ አጥሩ ከበላው በኋላ ጠቧል። ከባድ መኪና ጆሯችን ላይ ሲያጮኽብን እሷ ከኋላ "ልጄ አውርጂኝ! አውርጂኝ አልኩሽ!" ማደያው ጋ ስንደርስ ወርዳ መሬቱን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። "ሁለተኛ አልወጣም። ከምሞት የእታለም ጸጉር ይንጨባረር።" ለብስክሌት የሚሆን መስመር ለምን አይሠሩም ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ እየለጠፍኩ፣ እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መስኮቷ ላይ ናት። እታለም በረንዳው ላይ ወጣች፤ ጭንቅላቷ ላይ ሻሽ አለ።

"ምንድነው ሻሹ?" አለቻት።

ስልኩ ጮክ ያለ ስለሆነ እኔም እሰማለሁ። እታለም በደህናው እጇ ሻሹን አወለቀችው። ጸጉሩ የለም። አጭር፣ ሙልጭ ያለ። ከመንገዱ ወዲህ ሆኜ ጆሮዎቿን አየኋቸው፤ ከዚያ በፊት ጆሮ እንዳላት አላውቅም ነበር።

"የጎረቤቴ ልጅ ናት የቆረጠችልኝ" አለች። "ተቋጥሮ ተቋጥሮ አልፈታ አለ። አንቺም እንዳትጨነቂ ብዬ ነው፣ ሚጡ። ቀለለኝ እኮ!"

እትዬ ፍራሽ "አምሮብሻል" አለች። "ልጅ መሰልሽ" አለች። ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ጆንያ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ማበጠሪያው እጇ ላይ ነው። ጥርሶቹን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ትነካካለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

እኔ አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ አስራ ሰባት ቁጥር መፍቻዬን ይዤ መጣሁ። የአጥሩ ብሎን አስራ ሰባት ቁጥር ነው፤ በተተከለበት ቀን ነው ያየሁት፣ ዓይኔ አያርፍም።

"አራት ብሎን ነው" አልኳት። "አራት ደቂቃ። አንዱን ክፍል ላላ አደርገዋለሁ፣ ከውጭ አይታወቅም። በየጠዋቱ ገፋ አድርገሽ ታልፊያለሽ፣ ስትመለሺ ትዘጊዋለሽ። አንቺና እኔ ብቻ።"

መፍቻውን ተቀበለችኝ። እጇ ላይ መዘነችው። እናቴ ትሙት፣ እሺ ልትል ነበር፤ አፏ ሲከፈት አይቻለሁ።

ልክ በዚያ ሰዓት የቀለም ቀቢው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያ መጣች። እግሯን እየጎተተች፣ ማስመሪያዋን በአጥሩ ብረት ላይ እየሳበች፣ ክርርርርር እያደረገች። በየቀኑ ነው እንደዚያ የምታደርገው። እያንዳንዱን ብረት ትነካለች፣ አንድ አትዘልም።

እትዬ ፍራሽ እስክታልፍ ድረስ አየቻት።

"የላላውን መጀመሪያ የምታገኘው ማን ይመስልሻል?" አለችኝ።

"እንነግራታለን እኮ፣ እንዳትነካ..."

"ቸርኬ! ልጅ ሆነሽ አታውቂም?"

መፍቻዬን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ጥግ ላይ ያለውን የራሷን ፍራሽ ጎትታ ጎኑን በምላጭ ተረተረችው፣ መፍቻውን እስከ ክንዷ ድረስ ከተተችው፣ ከዚያ እዚያው ፊቴ ላይ በጆንያ መርፌ ሰፋችው። ስፌቷ ደግሞ የሚላቀቅ አይደለም።

"የሥራ ዕቃዬን እኮ ነው!"

"ሌላ ግዢ።"

"ስትተኚ ጎንሽን ይወጋሻል።"

"ይውጋኝ" አለች። "አለበለዚያ አንድ ቀን እኔው ራሴ ነኝ የምወስደው።"

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ወረፋ ጠበቅን። የመዝገብ ሠራተኛዋ ጨዋ ሴት ናት፣ ሰው አታመናጭቅም። ፋይሉን አውጥታ ገለጠችና ወደ እትዬ ፍራሽ አዞረችላት።

"ድልድዩ እንዲነሳ የተደረገው በነዋሪው ጥያቄ ነው። እዚህ ጋ የመጀመሪያዋ ፈራሚ... ይሄ ፊርማ የርስዎ አይደለም?"

እትዬ ፍራሽ መነጽሯን አደረገች። አየችው።

"ነው" አለች።

"ታዲያ ማንን ነው የሚከሱት?"

"የሚከሰስ ሰው ፈልጌ አልመጣሁም። ልመልሰው ነው የመጣሁት። ይመለሳል?"

ሠራተኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። በደንቡ፣ ነዋሪ የወሰነውን ነዋሪ ነው የሚሽረው፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ከፈረሙት ስልሳ ሦስቱ ከግማሽ በላይ እጅ ማውጣት አለባቸው። "ያኔ የተናገሩትን ግን እርስዎ ራስዎ ተነስተው ማንሳት አለብዎት" አለቻት።

ስንወጣ እትዬ ፍራሽ "እጅ እንድሰጥ ነው የፈለጉት" ብላ አጉረመረመች። እሷ እኮ ተሳስቻለሁ የምትል ሴት አይደለችም። ፍራሽ ጠማማ ሆኖ ቢወጣ እንኳን "ያንተ ጀርባ ነው የጠመመው" ነው የምትለው።

ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርን። አንዳንዱ ሰፈር ቀይሯል፣ አንዱ ሽማግሌ አርፏል። አንዳንዱ "ለአንቺ ብለን እኮ ነው እጅ ያወጣነው፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?" ይላል። ቀለም ቀቢው ግን ገና በሩ ላይ ሳይሰማን "እመጣለሁ" አለ። የሰፈራችን ባለሱቅ ደግሞ ፊቱን አዞረ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ድሮ ሰው ሁሉ ማዶ ካለው ትልቅ መደብር ነበር የሚገዛው፣ ከታጠረ ወዲህ ግን ሳሙናውም ሻማውም ከእሱ ነው።

ስብሰባው ያው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ያው መሐንዲስ፣ ያው ወረቀት። አርባ ስምንት ሰው መጣ። እትዬ ፍራሽ ተነሳች። ረጅም ንግግር አዘጋጅታ ነበር፣ እኔ ላይ ነው የተለማመደችው፤ አንዱንም አላለችውም።

"ተሳስቻለሁ" አለች። "ጥላውን አስልቼ መንገዱን ሳላሰላ ቀረሁ። እናንተም ስለምትወዱኝ አልጠየቃችሁኝም። ብትጠይቁኝ ጥሩ ነበር።"

ባለሱቁ ተነሳ። "እትዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ግን ስትፈልጊ የሚዘጋ፣ ስትፈልጊ የሚከፈት፣ መንገዱ ፍራሽሽ ነው እንዴ? እኔም ቤተሰብ አለኝ። ያኔ እጃችሁን አውጡ ብለሽ አወጣሁ። አሁን ሕይወቴን በዚያ አስተካክያለሁ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። "ሆድህን ነው ያስተካከልከው!" ያለ አለ። እኔ ልናገር ብድግ ስል እትዬ ፍራሽ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ተዉት" አለች። "እውነቱን ነው። እሱ ስለ ሱቁ ነው የተናገረው፣ እኔም ያኔ ስለ ግቢዬ ነው የተናገርኩት። ልዩነቱ ለእሱ አለማጨብጨባችሁ ነው።"

ባለሱቁም ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አዞረው።

ከዚያ መሐንዲሱ ተነስቶ አንድ ነገር ተናገረ። ድልድይ ሊቆም የሚችልበት ሌላ ቦታ የለም፤ ያው የመጀመሪያው ነው። ደረጃው የሚያርፈው እትዬ ፍራሽ ግቢ ላይ ነው። ጥጉ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ተለውጧል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መንገድም ይጨመራል፣ ስለዚህ ግቢው ሙሉውን ነው የሚሄደው። ጥላውንም በዚህኛው ጊዜ አስልቶ መጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ አጥቁሮታል። ከጠዋት እስከ ማታ።

"ይስማማሉ?" አላት።

እትዬ ፍራሽ የጠቆረውን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው። ሰላሳ ዓመት ያሰጣችበት ነው።

"ጥሩ ሣልከው" አለች። "የት ጋ ልፈርም?"

ሰላሳ ዘጠኝ እጅ ወጣ። እኔ አንድ ብቻ ነው ያወጣሁት። ባለሱቁ አላወጣም፤ ግን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አሳለፋት።

በሳምንቱ መጡ፤ ግቢዋ ውስጥ አስራ ሁለት ካስማ ተከሉ፣ ቀይ ፕላስቲክ አሰሩበት፣ "እንዳይነቀል" ብለው ሄዱ። ይሄ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው።

ሰባት ወር! ጽሕፈት ቤቱ ስንሄድ "በጀቱ ሲለቀቅ" ይላሉ። አሁን እትዬ ፍራሽ ግቢዋን ሰጥታለች፣ መንገዱን ግን አላገኘችም። አዲስ መጠለያ ልትሠራ ብትፈልግ አይፈቀድም፣ ቦታው የድልድዩ ነው። ቤቱን ልትሸጥ ብትል ካስማ ያለበት ማን ይገዛል? ጨርቋን በካስማዎቹ መሃል ታሰጣለች፤ የፈረደባት ፀሐይ አለች ገና፣ እንደ ተከራይ። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ በሳምንት አንዴ እኔ ነኝ የምሄድላት፣ ጆንያውን በሦስት እግሯ ብስክሌት ጭኜ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ምናምን ዙር። እታለምንም እግረ መንገዴን ሰላም እላታለሁ። ጸጉሯን ግን እንድነካው አትፈቅድልኝም።

"ለሚጡ ነው የማሳድገው" ትላለች።

ዛሬ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ቤቴን ስከፍት እትዬ ፍራሽ መስኮቷ ላይ ናት። ስልኳን አልያዘችም። እታለም ማዶ በረንዳው ላይ ወጥታ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋላታለች፣ እንድታይ።

"ቸርኬ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል። የት ደረሰ?"

"ከጆሮዋ አልፏል። ወደ አንገቷ ነው።"

"ለመጎንጎን ይበቃል?"

"ገና ነው። ትንሽ ይቀረዋል።"

"ጥሩ" አለች። "አሁን ቢደርስ ምን ይሠራል?"

ከዚያ በግራ እጇ ጎኗን አሸት አሸት አደረገች፣ መፍቻዬ የሚወጋት ቦታ ላይ፣ እና ማበጠሪያዋን ኪሷ ከታ ጨርቋን ልታሰጣ ወደ ካስማዎቹ መሃል ገባች።